በዐይኑ ዐ የጠፋ ካርድ

«ልጄ፣ ወረቀቴስ ይኸውልህ» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ የተጣጠፈ ብር፣ አንድ የሣጥን ቁልፍ እና ሊጥ የመሰለ ነገር ነበር። ሊጡ የቀጠሮ ካርዳቸው ነው። ነጠላው ሲታጠብ አብሮ ታጥቧል። መስኮቱ ላይ አስቀምጬ በጥፍሬ ቀስ እያልኩ ገለጥኩት። ከስድስቱ አሃዝ የሚነበቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ዜሮና አራት።

በዜሮ አራት የሚጀምሩ ቁጥሮች 10,000 ናቸው። እኛ ጋ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ ይዘዋል።

«እማማ፣ ቁጥሩ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«ስሜ እያለ ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?»

ለዚህች ጥያቄ መልስ ለማግኘት አንድ ወር ተኩል ገደማ ፈጀብኝ። ታሪኩ እሱ ነው።

ቦታው ሰሜን ሸዋ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት የሚያደነዝዝበት ደጋ ላይ ያለ አንድ ሆስፒታል። ስሙን አልጠራም። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እማማን እዚህ ላይ አፀደ እላቸዋለሁ። እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ የፊደሉ ጣጣ ግን አንድ ነው። አንዳንድ ነገርም ሆን ብዬ ለውጫለሁ። የሰው ካርድ ነውና።

ካርድ ክፍል ከውጭ ሲያዩት አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ሰልፍ ነው። ከውስጥ ሌላ ነው። መደርደሪያው ላይ የታካሚው ማኅደር በቁጥር ተሰድሮ ይቀመጣል። ታካሚው ያው ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ካርድ ይዞ ይሄዳል። ያ ትንሽ ካርድ ሲጠፋ የሚያስታርቀን ኤም ፒ አይ የምንለው የስም ካርድ ነው። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ቁጥሩ ይጻፍበትና በሀ ሁ ቅደም ተከተል መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ቁጥር አንድ ማኅደር። ሌላም ነገር አለ፤ ትሬሰር። ማኅደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የሚገባ፣ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ካርቶን ነው። ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ካርድ» እያልን ስለምንጠራው እርስ በርሳችንም አንዳንዴ አንግባባም።

ሰኞ

ሰኞ ነበር። ቅዳሜና እሑድ «ይሻለኝ ይሆናል» እያለ ቤቱ የቆየው ሁሉ ሰኞ ይመጣል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ የሚቀመጥ አለ። እማማ ከመንዝ በኩል ነው የመጡት። እሑድ ተነሥተው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና፣ ከተማው ዘመድ ቤት አድረው።

የመድን ደብተራቸውንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈላቸውን የሪፈር ወረቀት አቀበሉኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነገር ነው። ዛሬ በእኔ መስኮት ከገጠር የሚመጣው ሰው አብዛኛው ያን ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው። ደብተሩም ሪፈሩም ላይ ስማቸው «አፀደ» ተብሎ ተጽፏል። እኔም የአን መሳቢያ ሳብኩ።

የአ መሳቢያ ከሁሉም ይወፍራል። አበበ፣ አበበች፣ አለሙ፣ አስካለ፣ አየለ፣ አያልቅም። አፀደ የሚባሉ አራት ሰዎች አገኘሁ። አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ናት። የሁለቱ አባት ሌላ ነው። የአራተኛዋ አባት ይመሳሰላል፤ ቀበሌዋ ግን ከተማ ነው። ኮምፒውተሩም ላይ ስሙን መታሁት፤ የለም አለኝ። ከኋላ «ኧረ ወንድም፣ ዛሬ ልትጨርስልን ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። በጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ብፈልግ ነው።

«እዚህ ታክመው ያውቃሉ?» ብያቸው ነበር። «አዎን፣ አምና» ብለውኛል። ሰምቼ አለፍኩት። ብዙ ሰው ጤና ጣቢያውንም ሆስፒታል ይለዋል፤ እሱን ይሆናል ብዬ ለራሴ መለስኩ። ሊጥ የሆነው ወረቀት ግን የእኛው ሆስፒታል ወረቀት ነበር። እጄ ላይ ይዤዋለሁ፣ ቁጥሩንም አንብቤዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ሰው ራሱን አይሰማም።

አዲስ ቁጥር ሰጠኋቸው። ማኅደሩ ላይ «አዲስ ታካሚ» የሚለው ጋ ምልክት አደረግሁ። «ቀጣይ!»

ሳሉ

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዶክተሯ ግፊታቸውን ለካች፤ ከፍ ብሏል። ምን መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር ጠየቀች። «ትንሿን ነጭ ክኒን» አሉ እማማ። የግፊት ክኒን ስንቱ ትንሽ፣ ስንቱ ነጭ መሰላችሁ! ማኅደሩን ብትገልጥ ባዶ ነው። ኢናላፕሪል አዘዘችላቸው። የተለመደ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። እሷን የሚያስወቅስ አንድም ነገር የለም።

በወሩ ለቀጠሮ ሲመጡ ይስላሉ። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮን የሚከረክር፣ ማታ የሚብስ። ያን ቀን ተረኛው ሌላ ሐኪም ነበር። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል እንደሚያስለው ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለቲቢ ይመረመራል፤ ያ አይታለፍም። እማማ አክታ እንዲሰጡ ታዘዘ። ደረቅ ሳል ከየት አባቱ አክታ ያመጣል? ሲታገሉ ውለው ጥቂት ሰጡ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ውጤቱን በሁለት ሰዓት ያወጣል፤ ናሙናቸው የደረሰው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። «ውጤቱን ነገ» ተባሉ። እሳቸው ግን በማግስቱ የዘመድ ልጅ ተዝካር ነበረባቸውና ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ሲችሉ ሊመጡ።

የቲቢ ምርመራም ሕክምናም በአገራችን ከክፍያ ነፃ ነው። የመኪናው ግን ነፃ አይደለም። ወሬውም ነፃ አይደለም። አብሯቸው የመጣው ልጅ «አክታ ሰጥታለች» ብሎ ቤት ተናገረ። በዚያ ምሽት ቡና ሲፈላ የእሳቸው ስኒ ከረከቦቱ ተነሥቶ ለብቻው መደብ ላይ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለም። ስኒው ብቻ ነው የተነሣው።

«በአልፋው ነው በዐይኑ?»

ለውጤቱ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ላቦራቶሪው እስኪጠራቸው እኔ መስኮት አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ይስላሉ። ሰልፉ ቀለል ብሎ ስለነበር «እማማ፣ ሳሉ አልተዎትም?» አልኳቸው። እንዲያው ለወጉ።

«አምናም እንዲህ አርጎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ያ ቀጭኑ ዶክተር ክኒኑን ቢቀይርልኝ ተወኝ።»

«የት ነው እሱ?»

«እዚሁ ነዋ! ያቺ በር።» በእጃቸው የተመላላሽ ክፍሉን አሳዩኝ።

ያኔ ሆዴ ቀዘቀዘ። ጤና ጣቢያ አይደለም። እዚሁ ነው። እንግዲያው እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሌላ ማኅደር አላቸው ማለት ነው፤ ያ ሳልም በውስጡ ተጽፏል።

የአን መሳቢያ እንደገና አወጣሁት። ያው አራቱ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ማኅደር እየሰደረ ነበር። እሱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው። ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጣው። ፊደል አይስትም። ኃይለ ሥላሴን በሃሌታው ሀ ብትጽፍበት ቀኑን ሙሉ ያኮርፍሃል።

«ማንን ነው የምትፈልገው?» አለኝ።

«አፀደ የሚባሉ እናት።»

«በአልፋው ነው በዐይኑ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ሁለተኛውን ሣጥን ስቦ፣ ከወ እና ከዘ መካከል ካለችው ቀጭን ክምር ጣቱን ሰደደ። ዐይኑ ዐ የሚጀምራቸው ስሞች እዚያ ናቸው፤ ተጨብጠው ከግማሽ እፍኝ አያልፉም። አንድ ካርድ መዝዞ ሰጠኝ። ዐፀደ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ከነቀበሌያቸው። የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ቁጥሩ በዜሮ አራት ይጀምራል።

«ዐፀድ እኮ ግቢ ነው» አለኝ። «የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ አትልም? በዐይኑ ነው የሚጻፈው።»

ልክ ነው። ደብተሩን የጻፈው የመድን ሠራተኛ፣ ሪፈሩን የጻፈው ነርስ፣ እኔም፣ ሦስታችንም ተሳስተናል። በትክክል የጻፈው አንድ እሱ ነበር። ካርዱ የጠፋውም በትክክል ስለተጻፈ ነው። ለማንበብ አ እና ዐ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ በጆሮው አይለያቸውም። በሀ ሁ ተራ ግን አልፋው አ 16ኛ፣ ዐይኑ ዐ 20ኛ ነው። በመሃላቸው የከበደች፣ የከፈለኝ፣ የወርቅነሽና የወንድሙ መንደር አለ። ኮምፒውተሩም ከእኔ የባሰ ነው። ለእሱ ሁለቱ ጨርሶ የማይዛመዱ ምልክቶች ናቸው።

ዕድሜውንም አየሁት። ፊተኛው ካርድ 58 ይላል። አምና መሆኑ ነው። እኔ የጻፍኩት 65። ሁለታችንም ፊታቸውን አይተን የገመትነው ነው።

ቁጥሩን ይዤ ወደ መደርደሪያው ሮጥኩ። ማኅደሩ የለም። ክፍተቱ አለ፤ ትሬሰር ግን አልገባበትም። ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው የሚናገር ነገር የለም።

የሚቀጥሉትን ሁለት ሰዓታት በዝርዝር አልጽፋቸውም። የተመላላሽ ክፍሉ መሳቢያ፣ የተኝቶ ታካሚ ክፍል፣ የሐኪሞች ጠረጴዛ፣ ሌላው ቀርቶ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው። በመጨረሻ የተገኘው የመድን ሒሳብ የሚሠራበት ቢሮ ነው። ሆስፒታሉ ለመድን አባላት የሰጠውን አገልግሎት ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የተጠየቀው ከማኅደሩ ጋር ይመሳከራል። ለዚያ ማመሳከሪያ የወጡ ማኅደሮች ወለሉ ላይ በገመድ ታስረው ነበር። የእማማ ከታች ሦስተኛው ነው። ከወራት በፊት ሥራው አልቋል። የመለሰው ሰው የለም፤ የጠየቀም የለም። ስለዚህ ያን ሰኞ ዕለት የስሙን ካርድ ባገኘው ኖሮ እንኳ ማኅደሩን አላገኘውም ነበር ማለት ነው። ይህን ራሴን ለማጽናናት አይደለም የምጽፈው። ጥፋቱ ሁለት ድርብ ነበር፤ አንዱን ብቻ ማስተካከል አይበቃም።

ማኅደሩን ለዶክተሯ ወሰድኩላት። ገልጣ አነበበችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ኢናላፕሪል ሲወስዱ ደረቅ ሳል እንደጀመራቸው፣ መድኃኒቱ እንደቆመና አምሎዲፒን እንደተተካ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳሉ እንደጠፋ ተጽፏል። ዝም አለች። ከዚያ «ይህን አይቼ ቢሆን አላዝዘውም ነበር» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

የላቦራቶሪው ውጤትም መጣ። ቲቢ የለም። ክኒኑ ተቀየረ።

እማማን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለ አልፋውና ስለ ዐይኑ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ስሜንማ ነግሬህ ነበር» አሉ።

መሳቢያው

መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉንም በአልፋው አ እንጻፍ የሚል ነበር። ባልደረባዬ እንቢ አለ። «የሰውን ስም አበላሽቼ አልጽፍም» አለ። ተከራከርን። ሻይ ቤት ሁሉ ሄደን ተከራከርን። በመጨረሻ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። አጻጻፉ እንዳለ ይቆይ፣ ማደሪያቸውን ግን አንድ እናድርገው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ሣጥን። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር። ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋር፤ እነሱ እንኳ ድሮም ጎረቤት ናቸው። አልፋውም ከዐይኑ ጋር። በስሙ መሃል ያለውን ፊደልም እንደ ድምፁ እንጂ እንደ መልኩ አንሰድረውም።

ከጓንት ካርቶን መለያ ቆርጠን፣ ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን ፈጅተን መሳቢያዎቹን እንደገና ሰደርን። ስንሰድር የሰዎች መንታ ብቅ ብቅ ይል ጀመር። ዓለሙና አለሙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አባታቸውም አያታቸውም አንድ ሆነው ይገኛሉ። አንድ ሰውዬ ሦስት ቁጥር ነበራቸው። አንዱ የስኳር፣ አንዱ የዓይን፣ አንዱ ደግሞ አንዴ ከበቅሎ ወድቀው የመጡበት።

የእማማን ሁለት ማኅደር አንድ አደረግን። የእኔው ማኅደር ወረቀቶች ወደ ፊተኛው ገቡ። አዲሱ ቁጥር ተሰረዘ፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥም። በስሙ ካርድ ላይ ወደ ፊተኛው ቁጥር የሚመራ ማስታወሻ ጻፍንበት። መደርደሪያው ላይ እስከ ዛሬ አንድ ቁጥር ተዘሎ ይታያል።

የመስኮቱ ጥያቄም ተቀየረ። አሁን የአያት ስም ሳልጠይቅ «የለም» አልልም። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር፣ አበበ ከበደ ብሎ መፈለግ ገበያ መሃል ቆሞ «አንተ!» ብሎ መጣራት ነው። ከዚያ «ቤት ማን ይሉዎታል?» እላለሁ። ሰዎች ያፍራሉ፤ አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አንድ ትልቅ ሰው «ኧረ ተው፣ እዚህ ሰው ፊት!» ብለውኛል። ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ነገሩኝ፤ ካርዳቸው የተገኘውም በዚያ ስም ነው። ድንገት ታመው የመጡ ዕለት ያስመዘገባቸው ጎረቤት ሌላ ስም አያውቅላቸውም ነበር። የክርስትና ስማቸውን አስመዝግበው የሚረሱትም አሉ። «አምና ታክሜያለሁ» ያለኝን ሰው ደግሞ «የትኛው በር? ምን አሉዎት?» ሳልለው አልለቀውም። ይህ ሁሉ ሰልፉን ያዘገየዋል። ይሰድቡናል። ከዘመድ ጋር የመጣ ወጣት ይበልጥ ይሰድበናል።

ትሬሰሩ ግን አልጸናም። ሁለት ወር ያህል ጥሩ ሠራ። ከዚያ «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚለው ሰው መጣ። ማኅደር ላምስት ደቂቃ የሚወስድ ሰው ካርቶን ማስገባት ይከብደዋል። አምስት ደቂቃዋ ሳምንት ትሆናለች። አሁንም እንጣላለን። የመድን ቢሮው ግን ቢያንስ የወሰዳቸውን ቁጥሮች በደብተር ይጽፋል፤ ዓርብ ዓርብ ሄጄ እቆጥራቸዋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፋይዳ ሲመጣ ያልቃል» ይሉኛል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ ቁጥሩ ባለ 12 አሃዝ ነው፤ ፊደል አይልም፤ አልፋው ዐይኑ የለበትም። ደስ ይለኛል። ግን ያን 12 አሃዝ የጻፉበት ወረቀትም የነጠላ ጫፍ ላይ ሊቋጠር ይችላል። መብራት ሲጠፋም ያው ወደ መሳቢያው ነው የምንመለሰው።

እማማ በወሩ መጡ። ሳሉ ጠፍቷል። ግፊታቸውም ወርዷል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ስኒዬን መለሱልኝ!» አሉኝ፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየን።

«ካርድዎን ይዘዋል?» አልኳቸው።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ብሩ አለ፣ የሣጥኑ ቁልፍ አለ። ካርዱ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ተጠቅልሏል፤ በላዩ ክር ሰባት ስምንት ጊዜ ዞሮበት በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። እሳቸው በጥርሳቸው፣ እኔ በጥፍሬ ይዘን እስክንፈታው ሰልፉ ቆሞ ጠበቀን።